የዚህ ወር ሠዓሊያችን፦ ቶቬ ያንሰን

ውድ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በዚህ ወር ሥዕሎቿን የምናየው የፊንላንዷን ቶቬ ያንሰንን ነው። ከመገናኘታችን በፊት ስለ ሥራ ሕይወቷ ጥቂት ልንገራችሁ።

ቶቬ እ.ኤ.አ. በ1914 ሄልሲንኪ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ቀራፂ ነበር። እናቷ ደግሞ ሠዓሊ ስትሆን፣ የአገሪቱን የፖስታ ቴምብሮች ትነድፍ ነበር። ቶቬ ራሷ ገና በልጅነቷ ጋርም ለተባለ የስላቅ መጽሔት መሳል ጀመረች። በ1938 ሂትለርን ኬክ ጨምሩልኝ እያለ የሚያለቅስ ሕፃን አድርጋ ሣለችው። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነው።

በዓለም ያሳወቋት ግን ሙሚኖች ናቸው፤ አፍንጫቸው ትልቅ፣ መልካቸው ነጭ የሆኑ ፍጥረታት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945 ወጣ። ከ1954 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ በተከታታይ ሣለቻቸው። ሥራው ግን አደከማት፤ በኋላ ወንድሟ ላርስ ተረከባት።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሆቢት ለተባለው የእንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ልብ ወለድ የስዊድንኛ ትርጉም የሠራችው ሥዕል ነው። በዋሻ ውስጥ የሚኖረውን ፍጡር ጎለምን ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከቢልቦ እጅግ የገዘፈ አድርጋ ሣለችው። ምክንያቱም ደራሲው በጊዜው ቁመቱን አልገለጸም ነበር። ጽሑፉ ዝም ያለበትን ቦታ ሠዓሊው እንዴት እንደሚሞላ በዚህ ላይ ብንወያይ ደስ ይለኛል።

የሙሚን ሥዕሎች ስትመለከቱ ጥቁሩን ቀለም በደንብ አስተውሉት። ለልጆች ብላ ጨለማውን አላቀለለችውም። የወደዳችሁትን አንድ ሥዕል መርጣችሁ ይዛችሁ ኑ።