ስለ ባህል ማዕከላችን አስተዳደር ግምገማ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የማዕከሉ አስተዳደር እንዲፈተሽ ያቀረብነው ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል። ገምጋሚዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያነጋግሩን ስለሆነ ሐሳባችሁን እስከ ዓርብ በጽሑፍ አድርሱን።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቅርስ መዝገቡ ነው። የአንኮበርና የመንዝ ቤተሰቦች በአደራ ከሰጡን ዕቃዎች አንዱ ሲገባ የሰፈረው «ካባ፣ አንድ» ተብሎ ብቻ ነው። የማን እንደነበረ፣ ቀለሙ፣ የጠርዙ ጥልፍ፣ የተረካቢው ፊርማ የለም። ነገ በሌላ ቢለወጥ በምን ይለያል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ የሚያዘው ለዚህ ነው። አደራ የበላን እንዳንባል እፈራለሁ።

ቦርዱም ሥራ አስኪያጁ ሲጠራው ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ ማንን ይቆጣጠራል? የቦርዱ ሰብሳቢ ራሱ ይጥራ፤ ቃለ ጉባኤውም ለእኛ ይነበብ። በጀት ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ በሰኔ ለመጋረጃ ግዢ መሯሯጡ ይብቃ።

ሐሜት አትጻፉ፤ ያያችሁትን ከነቀኑ፣ ሰነድ ካለም ከነሰነዱ አቅርቡ። የማዕከሉ ሠራተኛ የሆናችሁና ስማችሁ እንዲገለጽ የማትፈልጉ ለጸሐፊያችን በእጅ ስጡ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ