የበረንዳ ፌሮ ቦታው ከላይ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጂ ፕላስ አንድ የሚያስገነባ ሰው ሲሚንቶና ፌሮ ሲቆጥር ይውላል። ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በሚሞላበት ቀን በረንዳው ላይ የታሰረውን ፌሮ ማን እየረገጠው እንደሆነ ግን አያይም። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

በሁለት ኮለን (ምሰሶ) መካከል ያለ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ሲጫን መሀሉ ይጎብጣል፣ ሆዱም ይሳባል። ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዋናው ፌሮ ከሥር ይደረጋል። በአንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ላይ ግን የሚሳበው ጀርባው ስለሆነ ፌሮው ከላይ መሆን አለበት። በብዙ ምሰሶዎች ላይ ሳይቋረጡ የሚያልፉ ድልድዮችም ከምሰሶው በላይ ባለው ቦታ ብረታቸው ከላይ የሚበዛው ለዚሁ ነው።

15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረንዳ እንውሰድ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 2 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን ተትቶለት ከላይ ሲታሰር፣ ከሥረኛው ገጽ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ባሬላ የተሸከሙ ሠራተኞች ረግጠውት 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ የበረንዳው የመሸከም አቅም በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከተሞላ በኋላ ይህ በዓይን አይታይም፤ ልስን ሁሉንም ይሸፍነዋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ከቁርጥራጭ ፌሮ የተሠራ ቼር (የላይኛውን ፌሮ ከፍ አድርጎ የሚይዝ መቆሚያ) ይቁም፤ መተላለፊያ ጣውላም ፌሮውን ሳይነካ ይዘርጋ። ኮንክሪቱ ሲፈስ አንድ ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ) ከአጠገቡ ቆሞ የወረደውን ወዲያው ያንሳ። ፌሮው ወደ ቤቱ ውስጥ የሚገባበትም ርዝመት እንዲሁ ወሳኝ ነው፤ በረንዳው 1.20 ሜትር ከወጣ ቢያንስ 1.80 ሜትር ወደ ውስጥ ይዝለቅ።

የአጣናው ድጋፍ እስከ 28 ቀን ባይነካ ይመረጣል። ሲነሳም ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ይኬዳል። ከግድግዳው በኩል ከተጀመረ በረንዳው ጫፉ ላይ ይደገፍና ሆዱ መሳብ ይጀምራል፤ እዚያ ደግሞ በቂ ፌሮ የለም።

ቤታቸው ያለቀላቸውም የበረንዳውን ወለል ከግድግዳው ሥር ይመልከቱ። ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ፣ ወይም በዚያው መስመር የተነሳ ሴራሚክ ካለ በሲሚንቶ ከመድፈን በፊት ከሥር ድጋፍ ቆሞ መሐንዲስ ይጠራ። እስከዚያው በረንዳው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ይነሳ፤ 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ቶን ነው።

የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ከአዲስ አበባ