ደብዳቤ ለልጄ፦ እጅህን ከመሮው ፊት አታስቀድም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል አቡሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህም ደህና ነው፤ ጉልበቱን አልፎ አልፎ ያመዋል እንጂ።

አክስትህ ደውላ ነበር። ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው፣ እጅህን በመሮ ቆርጠህ ድንገተኛ ክፍል ሄደህ መሰፋትህን ነው። ሁለተኛው፣ «ልጅሽ ጋራዥ ውስጥ ጣዖት እየጠረበ ነው» የሚል ነው። እሷን ያስጨነቃት ሁለተኛው ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የመጀመሪያው ነው። ለካ እሁድ ስንነጋገር ግራ እጅህን ከካሜራው ስር ስትሸሽግ የነበረው ለዚህ ኖሯል! ለምን ትደብቀኛለህ? የልጇን ጉዳት ከሌላ ሰው አፍ የምትሰማ እናት ሆዷ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጥና አውራ ጣትህን እጠፍ። የላይኛው አንጓ ብቻውን ይታጠፋል? ከቁስሉ ወዲያ ያለውን ቆዳ ስትነካው ይሰማሃል ወይስ ደንዝዟል? አንዱ እንኳ እምቢ ካለህ ነገ ዛሬ ሳትል ተመልሰህ ሂድ። የእጅ ሐኪም ይይህ። ክሩ ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። የቴታነስ ክትባት ሰጥተውህ እንደሆነም ጠይቅ።

እና ስማኝ አባቴ። እጅህን ከመሮው ፊት አታስቀድም። ስለቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ጣትም፣ መዳፍም፣ ጭንም አይኑር። ሁለቱም እጆችህ ከስለቱ ኋላ ይሁኑ።

ይህን የምልህ ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። አያትህ አናጢ እንደነበር ታውቃለህ። ጣቶቹ ግን ምን እንደሆኑ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ልጅ ሆነህ «አባባ ለምን እንዲህ ይጨብጠኛል?» ስትለኝ «ሥራ ነው» ብዬ አልፌሃለሁ።

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ነበር የሚሠራው። በርም፣ ሣጥንም፣ አልጋም ይሠራል። ስሙ የታወቀው ግን በበርጩማው ነው። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ከአንድ ጉማጅ ነው የሚወጣው። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። ዋንዛውን አገላብጦ ያየዋል፣ በከሰል ያሰምርበታል፣ በመጥረቢያ ያቀለዋል፣ ከዚያ መሮ ያነሳል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ እቀመጥና ፍቅፋቂውን ለምድጃ እሰበስባለሁ። የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ቀን ለሠርግ የታዘዘ በርጩማ ማድረስ ነበረበት። መሽቷል። መሮው ደንዟል። «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ብሎ ሳይስለው ቀጠለ። ደናዝ መሮ ከተሳለው ይልቅ ሰው ይቆርጣል። አልሄድ ሲልህ ጉልበት ትጨምርበታለህ፤ ሲያመልጥህ ያ ሁሉ ጉልበት አብሮት ይሄዳል። አያትህ በርጩማውን በግራ መዳፉ ደግፎ በቀኙ ወደ ራሱ ገፋ። መሮው እንጨቱን ስቶ መዳፉ ውስጥ ገባ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት፣ በነጠላ ቅዳጅ አሰሩት። ደሙ ቆመ። ደሙ ሲቆም ሁሉም «ተመስገን፣ ተረፈ» አለ። እሱም አመነ። ሐኪም ዘንድ የሄደው ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፍ ካሉት በኋላ ነው። የተቆረጠ ጅማት እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ በቶሎ ተፈልጎ ካልተሰፋ እዚያው ይቀራል። የእሱም እዚያው ቀረ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ እስኪሞት ድረስ ቀጥ እንዳሉ ነበሩ።

ጠዋት ጠዋት የኮቱን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ትልልቅ ቡናማ ቁልፎች ነበሩ። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ። እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ያ ኩሩ ሰው፣ ስንቱን በር በእጁ የገጠመ ሰው፣ በትንሽ ልጅ እጅ ኮቱ ይቆለፍለታል። አንድ ቃል አይናገርም። መሥራቱን አልተወም፤ በርጩማ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም። በዚያኑ ምሽት ሐኪም ቤት ወስደውት ቢሆን እላለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አክስትህ «ተሰፋ» ስትለኝ የታየኝ ያንተ እጅ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። በላክልኝ ፎቶ ላይ ያለው ግንድ የዘንባባ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲኪ፣ ማለትም እንደ ፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ያለ የእንጨት ምስል፣ የሚጠርቡ ሰዎች ዘንባባ የሚወዱት ስለሚገኝ መሆኑ ይገባኛል፤ ከተማው ሲቆርጠው ይወድቃል፣ ሰው ያነሳዋል። ግን እወቀው። ዘንባባ እንደ ዋንዛ ያለ እንጨት አይደለም። የዕድገት ቀለበት የለውም፤ ዝም ብሎ የክር ጥቅል ነው። ዳሩ ደረቅ፣ መሀሉ ለስላሳ። መሮው ዳሩን በግድ ሲገፋ ይቆይና ለስላሳው ላይ ሲደርስ ዘሎ ይገባል። አንተን ያስቆረጠህም ይኸው ይመስለኛል። በጉልበትህ አትግፋው። ግንዱን ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ እሰረው፣ በአንድ እጅ መሮውን፣ በሌላው የእንጨት መዶሻውን ያዝ። ሁለት እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ከፊት የሚቀመጥ እጅ አይኖርም። ሲደነዝዝ አቁምና ሳለው። ሲደክምህ ተወው።

የሞተር መጋዝ ልትገዛ እንዳሰብክም ሰምቻለሁ። እለምንሃለሁ፣ ቆይ። ጫፉ እንጨት ሲነካ ወደ ፊትህ ተመልሶ ይዘልላል። ግዴታ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ከፍለህ አስቆርጥ። ብቻህን ሆነህ ግን በፍጹም አትንካው።

አቧራውንም አትናቀው፣ ማስክ አድርግ። ለአጥር ተብሎ በኬሚካል የተነከረ እንጨት አትጥረብ። ከመንገድ ዳር የማታውቀውን እንጨት አንስተህ አታምጣ። ኦሊያንደር የሚሉት ባለ አበባ ቁጥቋጦ እናንተ ጋ በየጎዳናው ተተክሏል፤ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው።

የጣዖቱን ነገር ደግሞ ልንገርህ። አክስትህን አትቀየማት። ከልቧ ነው የፈራችው፣ የምትጸልየውም ላንተ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ዝም ብዬ መፍራት አልቻልኩም። ፈልጌ አነበብኩ። ደስም አለኝ፣ አዘንኩም።

አንተ የምትጠርበው ዓይነት ምስል፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የገዘፈ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ እጁን ሆዱ ላይ ያስቀመጠ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት የማርኬሳስ ደሴቶች ሰዎች ጥበብ ነው። በእንጨትም በድንጋይም ሠርተውታል። ሂቫ ኦዋ በምትባለው ደሴት ከሰው ቁመት የሚበልጡ የድንጋይ ምስሎች ዛሬም ቆመዋል። ጭንቅላቱን የሚያገዝፉት ኃይልና ክብር የሚያድረው እዚያ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። አንተ ጭንቅላቱን የምታገዝፈው ሲያዩት ስለሚያምር ብቻ ከሆነ ግማሹን አላወቅከውም ማለት ነው። ብረት ሳይኖራቸው እኮ ነው የሠሩት! መጥረቢያቸው ድንጋይ ነበር። የሻርክ ጥርስ መቁረጫ ነበር። በኮራልና በዓሣ ቆዳ ነበር የሚያለሰልሱት። አንተ ብርጭቆ ወረቀት ከሱቅ ትገዛለህ።

ሃዋይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1819 ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሞተና ልጁ ሊሆሊሆ ነገሠ። ወንድና ሴት አብረው እንዳይበሉ የሚከለክለውን የጥንት ሕግ ከሴቶች ጋር ማዕድ ቀርቦ ሻረው። ከዚያ ቤተ መቅደሶቹ ይፍረሱ፣ ምስሎቹ ይቃጠሉ አለ። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን የደረሱት በማግስቱ ዓመት፣ በ1820 ነው። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ይህችን አስሰምርባቸው ነበር፦ ያቃጠሉት ራሳቸው ናቸው። ከእሳት ካመለጡት መካከል ኩ የተባለው አምላካቸው ሦስት ግዙፍ ምስሎች አሉ። አንዱ ሆኖሉሉ ቀርቷል፣ አንዱ ለንደን፣ አንዱ ሴለም፣ ማሳቹሴትስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስቱ ሆኖሉሉ ላይ ለጊዜው ተገናኝተው ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሩሩቱ ከምትባል ሌላ የፓስፊክ ደሴት የወጣው የእንጨት ምስል ነው። አአ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1821 የደሴቲቱ ሰዎች ክርስትናን ሲቀበሉ ራሳቸው ተሸክመው ለሚሲዮናውያን አስረከቡት። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ፎቶውን አጉልተህ እየው። ዓይኑ ትንሽ ሰው ነው። አፍንጫው ትንሽ ሰው ነው። ጉንጩ፣ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ሁሉም ትንንሽ ሰዎች ናቸው። ጀርባው ይከፈታል፤ ውስጡም ሌሎች ምስሎች ነበሩበት። ይህን የጠረበ ሰው ልጅ ልጅ፣ ዘር ማንዘር ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። እጁ ላይም ጠባሳ ሳይኖርበት አይቀርም። አንተ ግን ጠባሳ አታብዛ፤ እጅህን ከመሮው ፊት አታስቀድም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አትሰግድለትም፣ አታጥንለትም፤ ስለዚህ ጣዖት ሆኖብህ አይደለም። ነገር ግን የሰው አያት ፊት ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያንን ፊት የመጠጥ ቤት ጌጥ አድርገውት፣ የመጠጥ ኩባያ ሳይቀር በእሱ መልክ ሠርተዋል። እኛ ይህን ነገር ከውጭ ሆነን የምናይ ሰዎች አይደለንም። የኮንሶን ዋካ አስታውስ። ለጀግና መታሰቢያ ተጠርቦ መቃብሩ ላይ የሚቆም የእንጨት ምስል ነው። ስንቱ በሌሊት ተነቅሎ ለቱሪስትና ለሰብሳቢ ተሸጠ! ዋካን አንድ ፈረንጅ ሳሎኑ ውስጥ ጠርሙስ ማስደገፊያ ቢያደርገው ደምህ ይፈላል። እንግዲያው አንተም ተጠንቀቅ። የምትጠርበው ከየትኛው ደሴት እንደሆነ እወቅ። ከጀርባው ጻፍበት። ለመጠጥ ቤት ሽጥልን ቢሉህ እምቢ በል። ሳሞአውያንና ሃዋያውያን እናንተ ሰፈር አሉ አይደል? ሄደህ ተዋወቃቸው። ቢገስጹህ ስማ፣ ቢያስተምሩህ ጎንበስ ብለህ ተማር።

አባትህ ከጎኔ ሆኖ «ሥራው እንዴት ነው በይው» ይለኛል። የሌሊት ፈረቃ ሠርተህ በቀጥታ መሮ እንዳታነሳ። እንቅልፍ ያጣ እጅ አይታመንም። መጀመሪያ ተኛ። ብላ ደግሞ። በፎቶው ላይ ከስተሃል።

አንድ ነገር ላብስርህ። እነዚያ የማርኬሳስ ጠራቢዎች ከሚወዷቸው እንጨቶች አንዱ ከዋንዛ ጋር አንድ ወገን ነው። የሳይንስ ስማቸው የሚጀምረው ሁለቱም ኮርዲያ ብለው ነው። ሃዋዮችም ከዚያው እንጨት የምግብ ገበታ ይጠርቡ ነበር፤ ለምግብ መጥፎ ጣዕም ስለማይሰጥ። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። አያትህ ለበርጩማ ብሎ ያስቀመጠው፣ እጁ ከተጎዳ በኋላ ሳይነካው የቀረ የዋንዛ ጉማጅ አለ። አባትህ አገላብጦ አየው። አልነቀዘም፣ አልተሰነጠቀም። ልጣጩን አንስቶ አጸዳው። ከዘንባባው ጋር ስትታገል ከምትውል ይህን ጥረብ። ቀስ ብሎ የደረቀ ነው፣ እንደ ርጥቡ አይሰነጠቅብህም። የጎረቤታችን ልጅ ከጥምቀት በኋላ ወደዚያው ስለምትመለስ ትይዝልኛለች። ጉምሩክ ላይ እንድታሳየው ነግሬያታለሁ። ምን እንደምትጠርብበት አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ግን በርጩማ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የምሰጣት ግን እጅህን ካየሁ በኋላ ነው። ቅዳሜ በቪዲዮ ደውል። አውራ ጣትህን አጥፈህ ዘርግተህ ታሳየኛለህ። ሞርሳውንም ጠረጴዛው ላይ ታስሮ ልየው። የወር ገንዘባችንን በዚህ ወር አትላክ፤ ሞርሳና የማይቆረጥ ጓንት ግዛበት። ጓንቱን የመሮ መከላከያ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፣ የመሮ ጫፍ ይበሳዋል። እጅህን ከመሮው ፊት አታስቀድም ብያለሁ።

አባትህ ይስምሃል። አክስትህንም ደውልላት፣ እሷ ባትነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

እናትህ