ክብሪቱን ተዉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የሚጥል በሽታ አለብኝ። መጀመሪያ የጣለኝ በ14 ዓመቴ ነው፤ ገበያ መሀል። ስነቃ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጨሳል። ሰው ከቦኛል፤ የሚነካኝ ግን የለም። «አረፋው የነካው ይጋባበታል» ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ብቻ ነጠላዋን አልብሳኝ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት መጠጫዬ ተለየ። ከመውደቁ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

ይህ የአንጎል ሕመም ነው። በአረፋም በትንፋሽም አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70ዎቹ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እኔ ማታ ማታ ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት እውጣለሁ፤ ከጣለኝ 3 ዓመት አልፎኛል። ጠበልም እጠመቃለሁ። መድኃኒቱን ግን አላቋርጥም፤ በድንገት ማቆም ሕመሙን ያባብሳል።

እባካችሁ፣ ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ክብሪቱን ተዉት። አፉ ውስጥም ማንኪያ አትክተቱ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲነቃ በስሙ ጥሩት። እኔን ያን ቀን ከእናቴ በቀር በስሜ የጠራኝ አልነበረም።

ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም