ደብዳቤ ለልጄ፦ ለመኪናሽ የሚስማማውን ሞተር ስለ መምረጥ

ውድ ልጄ ሆይ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናሽን የ1.6 ሊትር ሞተር አውጥተሽ በምትኩ ጉልበት ያለው ሞተር ለመግጠም መቁረጥሽን፣ ልብሽም በሦስት ሞተሮች መካከል መወላወሉን ጽፈሽልኛል፤ በጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ 1፣ በቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ እና በሆንዳ ኬ24። ሦስቱም ስም ያተረፉት በሥራቸው ነው። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያሰፈርሽው የፈረስ ጉልበቱን ብቻ በመሆኑ፣ ሐሳቤን በዝርዝር ልጽፍልሽ ወደድሁ። ሞተር ብቻውን አይገጠምም፤ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን)፣ ራዲያተሩን፣ የነዳጅ ፓምፑንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ መምረጥ ያለብሽ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው አሟልተሽ ልትነጂው የምትችዪውን ሞተር ነው።

አስቀድመን መኪናሽን እንያት። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በ1989 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ብቅ ስትል ያስወደዳት ጉልበቷ አልነበረም። ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ፣ ያም ክብደት በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መጠን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ መሪዋ ገና ሲነካ ትታዘዛለች። አንቺም የምትፈልጊው ኩርባ በበዛበት የውድድር ሜዳ መንዳት እንጂ በቀጥታ መንገድ መሽቀዳደም እንዳልሆነ ነግረሽኛል። ምርጫውን መወሰን ያለበት ይኸው ፍላጎትሽ ነው፤ በፊት ጎማዎች ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ይህን መታዘዟን ይቀንስባታልና።

በዚህ መመዘኛ 2ጄዜድ-ጂቲኢን ቶሎ ብናሰናብተው አይከፋም። በ1993ቱ ቶዮታ ሱፕራ ላይ የተገጠመው ይህ ባለ ሁለት ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የ3 ሊትር ሞተር፣ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም 86 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋና አካሉ) ከብረት የተሠራ፣ በጽናቱ እኔም ከልቤ የማደንቀው ሥራ ነው። ነገር ግን ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩ በመሆናቸው ረጅም ነው፤ ከ200 ኪሎ ግራም በላይም ይመዝናል። በአንቺ ጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ኩርባ ላይ መሪውን ብታዞሪም የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ውጭ መሄዱን አይተውም።

ኤልኤስ 1 ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1997 በኮርቬት ላይ ሲወጣ በ5.7 ሊትር 345 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ብሎኩም ቴስታታውም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) አሉሚኒየም ናቸው። ብዙ ሰው ቪ8፣ ማለትም እንደ እርሱ ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ሞተር፣ ሲባል ግዙፍ ነገር ይታየዋል። የዚህ ሞተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ግን በቴስታታዎቹ አናት ላይ ሳይሆን በብሎኩ መካከል የተቀመጠ አንድ ዘንግ ብቻ ስለሆነ፣ ቴስታታዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በመሆኑም በሊትር ከሚያንሱት ከብዙዎቹ ባለ አራት ካምሻፍት ሞተሮች ይልቅ ጠባብና አጭር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሞተሩ በስተኋላ ነው። ኤልኤስ 1 የሚሰጠው ቶርክ (የማዞር ጉልበት) 475 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአንቺ ሞተር 136 ገደማ ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነውን ይህን ጫና ካምቢዮሽም ሆነ ዲፈረንሻልሽ አይችሉትም፤ ሁለቱንም መለወጥ፣ ሞተሩ የሚያርፍበትን የፊት ተሸካሚም እንደገና መሥራት ግድ ይሆናል። በዚያ ላይ በኤምኤክስ-5 ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው ረጅም የአሉሚኒየም ምሰሶ አለ፤ ካምቢዮው ሲቀየር እርሱም ስለሚወጣ፣ ዲፈረንሻሉን የሚይዝ ሌላ ነገር መፍጠር ይኖርብሻል። ሰዎች ይህን ሁሉ ሠርተው እጅግ የሚያምር መኪና ያወጣሉ፤ አንቺ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሪው ስለሆነ፣ ግማሽ ላይ ቆሞ አቧራ የሚለብስ መኪና እንዲኖርሽ አልሻም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት በደንብ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። ቶርኩን በኒውተን ሜትር፣ የሞተሩን ፍጥነት በደቂቃ ዙር ወስደሽ ብታባዢና ለ9,549 ብታካፍዪ ኃይሉን በኪሎዋት ታገኛለሽ። በዚህ መሠረት 200 ኒውተን ሜትር በ3,500 ዙር 73 ኪሎዋት ሲሆን፣ ያው 200 ኒውተን ሜትር በ7,000 ዙር 147 ኪሎዋት ነው። የካምቢዮ ጥርስ የሚሰብረው በዋናነት ቶርክ ነው። ስለሆነም ኃይሉን ከፍ ባለ ዙር የሚያመነጭ ሞተር መኪናዋን ያፈጥናታል፣ ካምቢዮውን ግን ያን ያህል አያስጨንቀውም። በ2004 በአኩራ ቲኤስኤክስ (አኩራ የሆንዳ ሌላ የመኪና ስም ነው) ላይ የተገጠመው የኬ24 ዓይነት፣ ኬ24ኤ2፣ 200 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ ቶርኩ 225 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ምርጫ እርሱ የሆነው ስለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም በመሆኑ ብሎኩ ብረት ከሆነው ከነባሩ ሞተርሽ አንጻር ፊቷን አያከብድባትም። የሚዞርበትም አቅጣጫ እንደ አብዛኞቹ ሞተሮች ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የሆንዳ ቢ ሞተሮች በተቃራኒው ስለሚዞሩ በኋላ ጎማ ከሚነዳ መኪና ካምቢዮ ጋር ማጋባት አስቸጋሪ ነበር። ኬ24 ግን በማገናኛ ሰሌዳ አማካይነት ከራስሽ ካምቢዮ ጋር ይገጥማል፤ ያ የአሉሚኒየም ምሰሶም ባለበት ይቆያል።

ሆኖም ኬ24 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ገዢዎች የሚታለሉትም እዚህ ላይ ነው። በ2003 አኮርድ ላይ የነበረው ኬ24ኤ4 የሚሰጠው 160 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የእርሱ ቪቴክ (ሆንዳ የቫልቮቹን አከፋፈት እንደ ዙሩ የሚለውጥበት ዘዴ) ነዳጅ ለመቆጠብ የታሰበ ሲሆን፣ ኬ24ኤ2 ግን በከፍተኛ ዙር ቫልቮቹን ይበልጥ ከፍቶ ለረዘመ ጊዜ የሚያቆይ የካምሻፍት ቅርጽ አለው። ስለዚህ በሻጩ ቃል ሳትተማመኚ በብሎኩ ላይ የተቀረጸውን መለያ በዓይንሽ አንብቢ።

ዙሩንም አለልክ አታስመኚው። የዚህ ሞተር የፒስተን ምት 99 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ7,200 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 23.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኤስ2000 በተባለችው የሆንዳ ስፖርት መኪና ላይ የነበረው ኤፍ20ሲ ሞተር 9,000 ዙር ሲገባ 25.2 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ምቱ 84 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። ኬ24 9,000 ዙር ቢገባ ግን ወደ 30 ሜትር ይጠጋል፤ ይህንንም በፋብሪካ ከወጡ ፒስተኖችና ማገናኛ ዘንጎች መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የዘይት ፓምፑም ንዝረት ለመቀነስ ከተገጠሙ የሚዛን ዘንጎች ጋር የተጣመረ በመሆኑ ለከፍተኛ ዙር አይመችም፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች እነዚህ ዘንጎች በሌሉት በሌላው የሆንዳ ሞተር፣ በኬ20ኤ2፣ ፓምፕ ይተኩታል። አንቺም ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ ይህን ብትጨርሺ መልካም ነው።

ከመክፈልሽ በፊት ሞተሩ መመርመር አለበት። ሞቅ ባለበት ሰዓት አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው፣ የአየር መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ተይው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው የዘይት ማጣሪያውን ነው። ማጣሪያውን ፈትተሽ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ቁረጪውና ውስጡ ያለውን የተጣጠፈ ወረቀት አውጪው፤ ዘይቱን ጨምቀሽ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በጠንካራ ብርሃን ሥር ክፈቺ። ንጹሕ ከሆነ ጥቁር ዘይትና ጥቂት ጥላሸት ብቻ ታያለሽ። ብልጭ ብልጭ የሚል ስስ ቅርፊት ካለ ግን ማግኔት አስጠጊበት፤ ከተሳበ ብረት ነው፤ ካልተሳበ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች እየተበሉ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ። ሞተሩ ደኅና ከሆነ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነገመዱና ከነነዳጅ ፔዳሉ ግዢው፤ አንዲት ሴንሰር ወይም ማያያዣ ለየብቻ ማፈላለግ ብዙ ሳምንታት ይበላል።

ልኬቱን በሚመለከት፣ የዘይት ቋቱ ከመኪናሽ የፊት ተሸካሚ ጋር፣ የጭስ ማውጫው ደግሞ ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይጋጩ አስቀድመሽ እዪ። በሞተሩ አናት ላይ ለስላሳ ሸክላ አድርገሽ ኮፈኑን ቀስ ብለሽ ዝጊና መልሰሽ ክፈቺ፤ የተረፈው ሸክላ ውፍረት ከ2 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቦታው አይበቃም፤ ነዳጅ በኃይል ሲሰጠው ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ይንቀሳቀሳልና። ከነዳጁ ሙቀት ሲሶ ያህሉ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ስለሚሄድ ራዲያተሩም መተለቅ አለበት። ፍሬኑንም አብረሽ አጠንክሪ።

ዲፈረንሻሉን ግን አደራ እልሻለሁ። በ1.6 ሊትሯ መኪና ያለው ትንሹ፣ የቀለበት ጥርሱ 6 ኢንች የሆነው ነው፤ ከ1994 ጀምሮ ከ1.8 ሊትሩ ጋር የመጣው 7 ኢንች ነው። ሞተሩን ከመግዛትሽ በፊት ትልቁን ከነዘንጎቹ ፈልጊ። እንዲሁም የመኪናሽን ምዝገባ የሚቆጣጠረውን ክፍል ስለ ሞተር ቅያሬና ስለ ጭስ ልኬት ጠይቀሽ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

የብሎኩን መለያ ፎቶግራፍ፣ የአራቱን ሲሊንደሮች ልኬትና የማጣሪያውን ወረቀት ምስል ከመክፈልሽ በፊት ላኪልኝ፤ በደረሰኝ ዕለት አይቼ እመልስልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ