የቅዳሜው ጉዞ፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ቸርችል ጎዳና

ሰላም ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለድሮ ዕቃ ፍለጋችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ መግቢያ ላይ እንገናኝ። ፀሐዩ ሳይከር መድረስ ይሻላል። ከብረትና ከቆርቆሮ ክምር መሀል የድሮ ፋኖስ ወይም የከሰል ካውያ ሊገኝ ይችላል። ዝገቱ አያስፈራችሁ፤ አንስታችሁ ክብደቱን እዩት።

ከዚያ ወደ ቸርችል ጎዳና መደብሮች እንሄዳለን። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም) ለምትፈልጉ፦ አብዛኞቹ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ፤ ቪየና ውስጥ ከዚያ በኋላም በዚሁ ዓመት ሲመታ ስለኖረ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጠርዙ ዙሪያ ጎላ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉ። በጥፍራችሁ ዳስሱት። እኔ አንድ ጊዜ ጠርዙን ሳላይ ገዝቼ ቤት ስደርስ ልሙጥ ሆኖ አገኘሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ አደራ አለኝ። የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ቢያቀርቡላችሁ፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ እንዳትገዙ። ከአንድ ደብር ተሰርቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አገር የመጣችሁም፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት በሕግ ክልክል ነው።

ዝርዝር ብር ያዙ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ።