«ዕዳ የለብህም» የሚል ፍርድም ይጠየቅ

ውድ አዘጋጅ፣

በግንባታ ውል ክርክር ብዙ የምናወራው ስለ ከሳሹ ነው። ክስ ሳይመሠረትበት በደብዳቤ ብቻ የሚታሰረው ሥራ ተቋራጭስ? አሠሪው «የመዘግየት ካሣ አለብህ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ዝም። ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ጥያቄውንም አይተወውም። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው (ተቋራጩ ውሉን ባይፈጽም ባንክ ለአሠሪው ሊከፍል የገባው ዋስትና) አይለቀቅም፤ ተቋራጩ ለዚሁ ዋስትና ለባንክ ያስያዘው ቤትም እንደተያዘ ይቀራል። ለቀጣዩ ጨረታ ምን ይዞ ይቅረብ?

ይህ ሰው «ዕዳ የለብኝም ተብሎ ይፈረድልኝ» ማለት መቻል አለበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በክሱ ጥቅም ሊኖረው ይገባል ይላል። ከዚህ በላይ ምን ጥቅም አለ? የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2000 በሜሲየር ዳውቲና ሳቤና ክርክር (ጉዳዩ የአውሮፕላን ነበር፣ መርሁ ግን ለግንባታም ይሠራል) እንዲህ ያለ ፍርድ ለፍትሕ እስከረዳ ድረስ መከልከል እንደሌለበት ተናግሯል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አሠሪው ማስረጃውን ሳያሰባስብ ቀድሞ በሩን ለመዝጋት የሚሮጥም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ደግሞ ተቋራጩ ለሥራው የ10 ዓመት ዋስ ነው። ገና ያልታየ ስንጥቅ ሁሉ ቀድሞ ሊማርለት አይገባም። ፍርዱ በደብዳቤው በተጠየቀው ካሣ ላይ ብቻ ይወሰን።

የግንባታ ውል ጠበቃ፣ አዲስ አበባ